አራት ቀን ያልተፈታው ካርቶን

ረቡዕ ዕለት የጥርስ ሐኪሟ ሥራ አልገባችም። ለክሊኒኩ አሞኛል ብላ ደወለች፤ ለእናቷ ደግሞ ራሴን ብላ ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋደመች። ምኗንም አላመማትም። ዐይኗ የፊት ለፊቱ በር ላይ ተተክሎ ዋለ። ረፋዱ ላይ ሲንኳኳ ልቧ ድው አለ፤ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ከሰዓት ሲንኳኳ እንደገና ድው አለ፤ ጎረቤት መሰላል ሊዋስ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ማንም አላንኳኳም።

ለምትወደው ሰው በላከችው ደብዳቤ ነገሩን ፍርጥርጥ አድርጋ ነበር የጻፈችው። «ሐሙስ አባቴ መልሴን ይጠይቀኛል። አንተ ረቡዕ ና። በጓሮ በር ሳይሆን በፊት ለፊቱ ና፤ ሶፋው ላይ ቁጭ በልና እወዳታለሁ በል። ካልመጣህ እንደማትፈልገኝ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አልጠይቅህም።» እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ስልክ ቁጥሩ አላት። አምስት ጊዜ ያህል ቁጥሩን አውጥታ አየችው፤ አምስት ጊዜ መልሳ አስቀመጠችው። ና አግባኝ ብላ ወንድ ላይ የምትደውል ሴት አይደለሁም አለች ለራሷ። ኩራት ይሁን ፍርሃት ያኔ ለይታ አላወቀችውም፤ ሁለቱ ሲመጡ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አባቷ ጠሯት። ዳኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት አለፋቸው፤ ቤት ውስጥ ግን ችሎቱ አልተበተነም።

«ዶክተርዬ» አሏት መነጽራቸውን እያወለቁ፤ «የመሐንዲሱ ቤተሰቦች ነገ አስር ሰዓት እንምጣ ብለዋል። ምን ልበላቸው?»

መሐንዲሱ የአባቷ የድሮ ጓደኛ ልጅ ነው። ክፋት የለበትም፤ ቢኖርበት በተገላገለች። ሸሚዙ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም፤ ስለ ሊፍት የማያውቀው የለም። ከእሱ ጋር ሲቀመጡ ሰዓቱ አልሄድ ይላል እንጂ ሌላ የሚወጣለት እንከን አልነበረውም።

«ይምጡ» አለች።

«ይምጡ ማለትሽ እሺ ማለትሽ ነው?»

«እሺ ነው አባዬ። እሺ ብያለሁ።»

እናቷ የሳህን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በዚያ ቤት እናትየው ዝም ካለች ያ ራሱ ዜና ነው፤ ልጅቷ ግን ያን ልብ የምትልበት ቀልብ አልነበራትም። ናቀኝ፣ ናቀኝ፣ ናቀኝ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር ጭንቅላቷ ውስጥ የሚመላለሰው። እሺ ያለችውም መሐንዲሱን ለማግባት ብላ ሳይሆን ያንኛውን ለመቅጣት ብላ ነው፤ ቅጣቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ አላሰበችበትም።

ያኛው ማን እንደሆነ እንናገር። ሰፈር ውስጥ የሚጠሩት ባለትሉ ብለው ነው። የዛሬ ስምንት ወር የተሰነጠቀ መንጋጋ ጥርስ ይዞ ክሊኒኳ መጣ። መርፌው እስኪያደነዝዘው ለማጫወት ያህል ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ትል አረባለሁ» አላት።

«ምን?»

«ትል።»

ከአትክልት ገበያ የሚጣለውን ብስባሽ ይሰበስባል፤ ጥቁር ወታደር ዝንብ የምትባል ተርብ የምትመስል ዝንብ አለች፤ የእሷን ትሎች በዚያ ይቀልባል። ትሎቹ ለዶሮ አርቢዎች ይሄዳሉ፤ በልተው የሚተዉት ጥቁር አፈር ደግሞ ለአትክልተኞች። ይህን ሁሉ ግማሽ አፉ ደንዝዞ፣ ከንፈሩ አልታዘዝ እያለው ነበር የሚያስረዳት። «ዝንቧ ራሷ ግን ምግብ የሚባል አትነካም» አላት። «ክንፍ ካወጣች ያላት አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። እሱንም ጓደኛ ስትፈልግና እንቁላል ስትጥል ትጨርሰዋለች።»

«ጥርስ ሐኪም አያስፈልጋትማ» አለችው።

ሳቀ። በግማሽ አፉ ነው የሳቀው፤ ግማሹ ቀጥ ብሎ ቀረ። ያ ግማሽ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ተከትሏት ከረመ።

በዚያ ወር የቆሻሻ መኪናው ወደ ሰፈራቸው መምጣት አቁሞ ነበር። ጥርሱን ሊያስጨርስ ሲመለስ፣ ግቢያችን ሸተተ ብላ ነገረችው። በሳምንቱ ሰኞ በጓሮ በር ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ተሸክሞ ከች አለ። ገንዳውን ዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጠ፤ ውሃ እንዳይቋጥር ሥሩን በሳሳ፤ ሰጋቱራ አነጠፈበትና ትሎቹን ገለበጠበት፤ በአንድ ጎኑ ጣውላ አጋድሞ ጣውላው ጫፍ ላይ ባልዲ ሰቀለ።

«ሲደርሱ ይጠቁራሉ» አላት። «ያኔ መብላት ያቆሙና ማንም ሳይነካቸው በዚህ ጣውላ ወጥተው ባልዲው ውስጥ ይወድቃሉ። አንቺ ልጣጩን ብቻ ስጪያቸው፤ ሾርባ እንዳትደፊባቸው። ከረጠበባቸው በግድግዳው ወጥተው ይጠፋሉ። ያንኑም የበፊቱን ሲጨርሱ ነው የምትጨምሪው፤ ቆሻሻ በተገኘ ቁጥር አይደለም።»

እናትየው የዝንብ መምቻዋን ይዛ ወጣች። «ዝንብ ስገድል ነው የኖርኩት፤ አሁን ደግሞ ቤት ሠራችሁላት?»

«እትዬ፣ ይቺኛዋ ቤት አትገባም። ምግብ ላይም አታርፍም።»

«ቤት የማትገባ፣ የማትበላ! እንዲህ ያለ እንግዳ ነበር ያጣሁት» አለችና ገባች። በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ፤ እሷም መምቻዋን ቦታው መለሰች።

ደብዳቤው የመጣው ከካርቶኑ ነው። እነዚህ ዝንቦች እንቁላላቸውን ብስባሹ ላይ አይጥሉም፤ ከብስባሹ ከፍ ያለ፣ ደረቅና ጠባብ ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባለትሉ ሦስት የካርቶን ቁራጮች ደራርቦ በላስቲክ ያስርና ክዳኑ ሥር ይሰቅላል፤ በየሰኞው መጥቶ እንቁላል የያዘውን ይወስዳል፣ አዲስ ይሰቅላል። አንድ ሰኞ አዲሱን ስታየው መሀለኛው ካርቶን ላይ በአናጢ እርሳስ «ትሎቹ ሰላም ብለውሻል» የሚል አገኘች። በሳምንቱ «እነሱ ብቻ?» ብላ ጻፈችና በጥርስ ክር አስራ ሰቀለችለት። ከዚያ ወዲያ በላስቲክ የታሰረው የዝንቦቹ፣ በጥርስ ክር የታሰረው የእነሱ ሆነ። እሷ ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት፣ እሱ ሊመጣ ሰዓት ሲቀረው ነበር የምትሰቅለው። ሲመጣ ገንዳው አጠገብ አሥር ደቂቃ ይቆማሉ፤ አፋቸው ስለ ሰጋቱራ ያወራል፣ ዐይናቸው ሌላ። አንድ ቀን ባልዲ ስታቀብለው ጣቶቿን ከባልዲው እጀታ ጋር አብሮ ያዛቸው፤ ያን ዕለት ከሰዓት የሦስት ሰው ጥርስ ስትሞላ እጇ ይሞቃት ነበር።

አንድ ሕግ ነበረው፤ በመጀመሪያው ቀን ነው የነገራት። እንቁላል የተጣለበት ካርቶን አይፈታም። አራት ቀን ገደማ ይሰቀልና ራሳቸው ተፈልፍለው ሲወርዱ ነው የሚፈታው፤ ቀድመው ካላቀቁት በመቶ የሚቆጠረው እዚያው ይፈርጣል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር።

የመጨረሻውን ደብዳቤ ቅዳሜ ጻፈችው። እስከ ሰኞ እጇ ላይ ማቆየት አልቻለችም፤ ቀድዳ እንዳትጥለው ራሷን ፈራች። በዚያው ቀን በጥርስ ክር አሰረችና ክዳኑ ሥር ሰቀለችው። እሑድ ፀሐዩ የጉድ ነበር፤ ዝንቦቹ ገንዳውን ከበው ዋሉ። ሰኞ እሱ ሲመጣ ፊቱን ማየት ፈርታ በጠዋት ክሊኒክ ሄደች፤ ስትመለስ ካርቶኑ የለም። ወስዶታል። ከዚያ ረቡዕን ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ዓርብ ረፋድ ላይ እናቷ ጓሮውን አጽጂ ብላ አስወጣቻት። መጥረጊያውን ገና ስታነሳ የጓሮው በር ተንኳኳና፣ ግቡ ሳይባል ተከፈተ። ባለትሉ ነው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ ፀጉሩ ውስጥ ሰጋቱራ አለ፤ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዟል።

«ና ብለሽኛል» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ረቡዕ ነበር።»

«አሁን ነው ያነበብኩት። ዛሬ ጠዋት።»

«ሰኞ ነው እኮ የወሰድከው!»

«እንቁላል ጥለውበት ነበር።»

መጀመሪያ ምን እንዳለ አልገባትም። ሲገባት መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። «የጥርስ ክሩን አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«እንደጻፍኩልህ አውቀሃል ማለት ነው።»

«አውቄያለሁ። ግን ሁልጊዜ ሰኞ ነው የምትሰቅዪው፤ እንቁላል ኖሮበት አያውቅም። አራት ቀን ምን ይሆናል፣ አስታውሳኝ ነው፣ ቀልዳብኝ ነው አልኩ። ሰቅዬው በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ሰድጄ እመልሳለሁ። ቶሎ እንዳያልቅበት ጣፋጩን ኪሱ ውስጥ እንደሚደብቅ ሕፃን...» ካርቶኑን ከደረቱ ዝቅ አደረገው። «ደስ እያለኝ እኮ ነው የጠበቅኩት።»

«ለዝንብ እንቁላል!» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እኔ እዚህ በር በር እያየሁ ስሞት አንተ የዝንብ እንቁላል ትጠብቅልኛለህ? ትናንት እሺ አልኳቸው! ሰምተሃል? ዛሬ አስር ሰዓት ይመጣሉ!»

ባለትሉ ካርቶኑን አየው፣ እሷን አያት፣ መልሶ ካርቶኑን አየው። «ስልክ ቁጥሬ አንቺ ጋ አለ» አላት በቀስታ።

«አንተ ራስህ ስትመጣ ማየት ነበር የፈለግኩት።»

«ስምንት ወር ሙሉ በየሰኞው መጥቻለሁ። ሁለት ታክሲ ነው። አንቺ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ የምሠራበትን መጥተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሽታውን አልችለውም ብዬ...» አለችና አፏን ያዘች።

«ሽታውን» አለ እሱ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ካርቶኑን ጎንበስ ብሎ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠውና ቀና አለ። «ተይው፤ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። ትናንት እሺ ያለ ሰው ዛሬ እንቢ ማለት ይችላል። እኔ ይኸው መጥቻለሁ። አሁን ዞሬ በፊት ለፊቱ በር ልግባ? እንዳልሽው ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እሺ በዪኝና ልግባ።»

የጠበቀችው ጥያቄ ይኸው መጣ። እሺ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን በዚያች ቅጽበት ሳሎኑ ታያት፤ አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉት፣ እሱም ዐይኑን ሳያሽ «ትል አረባለሁ» ሲላቸው ሰማች። ክሊኒክ ያሉት ጓደኞቿ የሠርግ ወረቀቱን ይዘው ሲጠቃቀሱ አየች። ሳታስበው ዐይኗ ወደ ጫማው ወረደ። ከብስባሹ የወጣው ጥቁር ውሃ ጫማው ጠርዝ ላይ ደርቋል። ዐይኗን ቶሎ አነሳችው፤ እሱ ግን የት አርፎ እንደነበር አይቷል።

«አንቺ ልጅ!» የእናቷ ድምፅ ነው፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «ማነው እሱ?»

ልጅቷ የወደቀውን መጥረጊያ አነሳች።

«ማነው ያልኩሽ እኮ! እዚያ ከአንቺ ጋር የቆመው ሰው ምንሽ ነው?»

ባለትሉ ዐይኑን ከልጅቷ ላይ አልነቀለም። እሷ ወደ እናቷ ዞረች። «የገንዳው ሰውዬ ነው እማዬ» አለች። «እንግዳ ስላለብን ገንዳውን ሊወስድልን ነው የመጣው።»

እናትየው ከቆመችበት አልነቃነቅ አለች። የሌላ ሰው ቃል እንደምትጠብቅ ሁሉ ወደ እሱ ዞረች። እሱም ልጅቷ የጀመረችውን ውሸት ጨረሰላት።

«አዎ እትዬ» አለ፤ «ልወስደው ነው።»

ጣውላውን ነቀለ፤ ባልዲውን ፈታ፤ ካርቶኑን እዚያው ገንዳው ውስጥ ጣለና ክዳኑን ገጠመ። ልጅቷ በአንድ በኩል ልታነሳለት እጇን ስትዘረጋ ዞር አለባት።

«ይተዉት» አላት። «ልብስዎ ይቆሽሻል።»

አፉ ደንዝዞ እንኳ አንቺ ብሎ ነበር የጠራት። ገንዳውን ትከሻው ላይ አወጣና በሩን በእግሩ ገፍቶ ወጣ። እሷ የተናገረችው ውሸት ጆሮዋ ውስጥ ሲጮኽ፣ ዛፉ ሥር የቀረውን እርጥብ ክብ እያየች ቆመች። እስካሁን ድረስ የምታሳብብበት ካርቶን ነበር። አሁን በመካከላቸው ካርቶን አልነበረም፤ እሷ ብቻ ነበረች።

እናትየው ቀስ ብላ መጣችና አጠገቧ ቆመች። «ሄደ?»

«ሄደ።»

«ዝም ብለሽ ለቀቅሽው።»

ልጅቷ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«የገንዳው ሰውዬ!» አለች እናትየው፤ ቃሏ ይመር ነበር። «ምን ዓይነት ዕውር አደረግሽኝ? አንድ ሽንኩርት ልጣ የማታውቅ ልጅ፣ ስምንት ወር ሙሉ ልጣጭ ፍለጋ ወጥ ቤቴን ስታምሰው አይገባኝም? ሰኞ ሰኞ ሽቶ ተቀብተሽ ትል ስትቀልቢ አይገባኝም? ትናንት እሺ ስትይ ዝም ያልኩት ትታው ይሆናል ብዬ ነው። ዛሬ እንደዚያ ላብ አስምጦት ሲገባ በመስኮት ሳየው፣ እንዳልተውሽው ገባኝ። ማን እንደሆነማ አውቃለሁ። የጠየቅኩሽ እንድትናገሪው ነው።»

«ብናገርስ እሺ ትይኝ ነበር?»

«እሺ? እኔ? እጮህ ነበር እንጂ! ትል አርቢ ለልጄ ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ እጮህ ነበር። አባትሽ ደግሞ ከእኔ ብሰው ይጮሁ ነበር። ሁለት ሳምንት እንጮህና ይደክመናል። ከዚያ ቁጭ አድርገን ስንት እህት ወንድም እንዳለው እንጠይቀው ነበር።» እናትየው ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ የልጇን ጉንጭ ጠረገችው፤ ጠራረጓ ግን የፍቅር አልነበረም፣ ጠንከር ያለ ነበር። «አንቺ ግን ገና ሳንጮህብሽ ካድሽው። ያውም ፊት ለፊቱ ቆመሽ።»

ልጅቷ ወደ ጓሮው በር አየች። «እማዬ፣ ሮጬ ልድረስበት?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? በሩ ክፍት ነው።»

እስከ በሩ ሮጠች። መንገዱ ጫፍ ላይ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሟል፤ ገንዳውን እግሩ ሥር አስቀምጧል። መሰላል የተዋሰው ጎረቤት ደጁ ላይ ወጥቶ ያያል፤ ማዶ ከሱቁ ፊት ሁለት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ይሳሳቃሉ። የመጀመሪያው ታክሲ መጣ፤ ረዳቱ ገንዳውን አየና በእጁ አይሆንም ብሎ አለፈ። ባለትሉ አልተከራከረም። እሷ በሩን በአንድ እጇ ይዛ ነበር። ደፉን ግን አላለፈችም። ሁለተኛው ታክሲ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ ከውስጥ ጮኹ፤ እሱም ሳይጭነው ሄደ። አንዴ ዞር ካለ እሮጣለሁ፣ ሁሉም ይየኝ፣ እሮጣለሁ አለች በልቧ። ባለትሉ አልዞረም። ሦስተኛው ታክሲ ከኋላ ቦታ ሰጠው፤ ገንዳውን ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ ጫነ፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው፣ ገባ።

ያን ሁሉ ጊዜ እሱ እንዲመጣላት እየጠበቀች እንደነበር የገባት ታክሲው ከታጠፈ በኋላ ነው። ሦስት ታክሲ የሚያህል ጊዜ ነበራት።